የምርመራ ውጤት ድንበር ሲሻገር

በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር «7 ነው» ቢባል ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? መልሱን ከመስጠት በፊት «ሰባት ምን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚመረመር ሰው ዓይኑ የለመደው 90፣ 110 ወይም 126 የሚሉ ቁጥሮችን ነው። ይኸው ሰው ልጁን ሊጠይቅ ወደ ለንደን ወይም ወደ ቶሮንቶ ተጉዞ ቢመረመር የሚሰጠው ወረቀት 5.0፣ 6.1 ወይም 7.0 ይለዋል። ደሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አሃዱ ነው። በፊዚክስ ፈተና ላይ አሃድ ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ አስቀምጦ ነጥብ የተቀነሰበት ተማሪ መምህሩን እንደ ክፉ ሰው ያያል። የመምህሩ ጥብቅነት ለምን እንደሆነ ከሕክምና ወረቀት የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

በአገራችን፣ በአሜሪካና በእስራኤል የተለመደው አለካክ በአንድ ዴሲሊትር፣ ማለትም በሊትር አንድ አሥረኛ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ስኳር እንዳለ መናገር ነው። ይህ የመጠነ ቁስ ልኬት ነው። በእንግሊዝ፣ በካናዳ፣ በስዊድንና በሌሎች በርካታ አገሮች ደግሞ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊሞል እንዳለ ይነገራል። ይህኛው የሞለኪውሎች ቆጠራ ነው። የሁለቱን ዝምድና ማንኛውም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊያወጣው ይችላል። አንድ ሞል ግሉኮስ 180 ግራም ስለሚመዝን አንድ ሚሊሞል 180 ሚሊግራም ነው፤ በሊትር 180 ሚሊግራም ማለት ደግሞ በዴሲሊትር 18 ሚሊግራም ማለት ነው። ስለዚህ የለንደኑን ቁጥር በ18 ማባዛት ነው። 7.0 ሲባዛ በ18 የሚሰጠው 126 ሲሆን፣ ይህ በባዶ ሆድ በሚደረግ ምርመራ የስኳር በሽታ መለያ ሆኖ የተቀመጠው መጠን ነው።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የአሃዶች ሥርዓት በሕክምናም ሥራ ላይ እንዲውል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አንዳንዱ አገር ተቀበለ፤ አሜሪካ በልማዷ ጸናች፤ በጀርመን እስከ ዛሬ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል፤ ፈረንሳይ ውስጥ ያው 126 በሊትር 1.26 ግራም ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በእኔ አስተያየት ሞልን መቁጠር የተሻለ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ያለው ኬሚስትሪ የሚካሄደው በሞለኪውሎች ብዛት እንጂ በክብደታቸው አይደለምና። ነገር ግን የተሻለው አሃድ የቱ ነው የሚለው ክርክር ተጓዡን አይጠቅመውም። ተጓዡ ማወቅ ያለበት በእጁ ያለው ወረቀት በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር ነው።

አደጋው እውነተኛ መሆኑን ለማየት፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በውጭ አገር ሳለ መለኪያ መሣሪያው ተበላሽቶበት ከአካባቢው መድኃኒት ቤት ሌላ ገዛ እንበል። ሌሊት ላይ ጤና ሳይሰማው ቀርቶ ቢለካ መሣሪያው «15» አለው። በለመደው አሃድ 15 ቢሆን ኖሮ ራስን የሚያስት ዝቅተኛ መጠን ነው፤ ስለዚህ ደንግጦ ስኳር በጥብጦ ይጠጣል። መሣሪያው የተናገረው ግን በሚሊሞል ነው። 15 ሲባዛ በ18 የሚሆነው 270 ነው። ሰውየው ስኳሩ ከፍ ብሎ ሳለ ስኳር ጨመረበት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች አሃዳቸው በፋብሪካ ተቆልፎ የሚሸጡ ስለሆኑ ተጠቃሚው ሊቀይረው አይችልም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ከቁጥሩ ጎን የምትታየውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ።

የማባዣው ቁጥር ከንጥረ ነገር ንጥረ ነገር ይለያያል፤ የየራሳቸው የሞል ክብደት አላቸውና። ለኮሌስትሮል 38.7 ነው። የኩላሊት ሥራን ለሚያመለክተው ክሪያቲኒን፣ በዴሲሊትር 1 ሚሊግራም የሚሆነው በሊትር 88.4 ማይክሮሞል ነው። «ክሪያቲኒንህ 88 ነው» የተባለ ሰው በለመደው አሃድ ካሰበው ኩላሊቱ እንዳለቀለት ሊቆጥር ይችላል፤ ለብዙ አዋቂዎች ግን ደኅና ቁጥር ነው።

ከሁሉም የሚለየው የሁለት ሦስት ወር የስኳር ሁኔታን የሚያሳየው የሄሞግሎቢን ኤ1ሲ ምርመራ ነው። እኛ በመቶኛ እናውቀዋለን። እንግሊዝ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትጽፈው በአንድ ሞል ሄሞግሎቢን ስንት ሚሊሞል እያለች ነው። እዚህ ላይ ማባዛት ብቻ አይበቃም። መቶኛውን በ10.93 አባዝቶ 23.5 መቀነስ ያስፈልጋል፤ በዚህ መሠረት 6.5 በመቶ 48 ይሆናል። ሴልሺየስንና ፋራናይትን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ የሁለቱ ሚዛኖች ዜሮ አንድ ቦታ ላይ አይደለም።

«ደኅና» የሚባለው የማን ነው?

አሃዱ ተስተካከለ እንበል። ከውጤቱ ጎን የሚታተመው «መደበኛ ወሰን» ከየት መጣ? በተለመደው አሠራር የጤነኞች ናሙና ይለካና መካከለኛው 95 በመቶ የወደቀበት ክልል ወሰን ተብሎ ይወሰዳል። እንግዲህ ከመቶ ጤነኞች አምስቱ ከወሰኑ ውጭ የሚሆኑት በአወሳሰኑ ምክንያት ነው። ለሕክምና ወደ ባንኮክ የሚሄዱ ወገኖቻችን በዚያው «አጠቃላይ ምርመራ» የተባለውን ጥቅል ይገዛሉ። በጥቅሉ ውስጥ 20 ልኬቶች አሉ እንበል፤ ልኬቶቹም አንዳቸው በሌላው ላይ የማይመሠረቱ ናቸው ብለን እናቅልለው። አንድ ፍጹም ጤነኛ ሰው ሃያውም በወሰን ውስጥ የመገኘታቸው ዕድል 0.95 በራሱ 20 ጊዜ ተባዝቶ 0.36 ያህል ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ «ያልተለመደ» ውጤት ይዞ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ከወሰኑ በጥቂቱ ወጣ ያለ አንድ ቁጥር ሲገኝ ልምድ ያለው ሐኪም ምርመራውን አስደግሞ የሚያየው ስለዚህ ነው። ችግሩ ተጓዡ ሳይደገምለት ወደ አውሮፕላኑ መመለሱ፣ ጭንቀቱንም ይዞ አገሩ መግባቱ ነው።

ሌላው ጥያቄ የተለኩት ጤነኞች የት አገር ሰዎች ነበሩ የሚለው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ወለል 101 ነው። ኦክሲጅን በሁለቱም ቦታ የአየሩ 21 በመቶ ቢሆንም ግፊቱ ስለቀነሰ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅን በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ከሚወስዳቸው እርምጃዎች አንዱ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ማብዛት ነው። በመሆኑም የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለያውን እንደ ከፍታው ያስተካክላል። ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ ለ120 ቀናት ያህል ይኖራል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ትናንት ዱባይ የገባ ሰው ዛሬ ቢመረመር የሚለካው ደም አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞች ሄሞግሎቢን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ፣ በደማቸው ያለው የኦክሲጅን ሙሌትም በአማካይ 95 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳዩ። በዚያ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው እጅግ ከፍ ያለ ነው። በኋላ በባሌ ከፍታዎች የተደረገ ጥናት ደግሞ ከሰሜኑ ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን አግኝቷል። ስለዚህ አንድ «የከፍታ ማስተካከያ» ለዓለም ደገኛ ሁሉ አይበቃም፤ ለኢትዮጵያ ደገኞች ሁሉ እንኳ አይበቃም።

ከከፍታ ጋር ያልተያያዘ፣ ነገር ግን በውጭ አገር የሚመረመሩ ወገኖቻችንን ይበልጥ የሚያስደነግጥ ሌላ ቁጥር አለ። ኒውትሮፊል ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ሲሆን በአንድ ማይክሮሊትር ከ1,500 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይባላል። ይህ ወሰን በአመዛኙ የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተገኘ ነው። በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ «ዳፊ» የሚባለው ፕሮቲን የለም። ይህ ዓይነት ውርስ ያላቸው ሰዎች በሚቀዳው ደም ውስጥ የሚገኘው የኒውትሮፊል ብዛት ዝቅ ይላል፤ ለኢንፌክሽን ግን ከሌላው ይበልጥ አይጋለጡም። ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም ዘንድ ይኸው ጤናማ ዝቅተኛነት ተመዝግቧል። በሁለቱ መካከል ያለው የዘር ግንኙነት ግልጽ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም የገጠመው ጤነኛ ሰው መቅኔው እስኪመረመር ሊደርስ፣ የሚያስፈልገው መድኃኒትም ሊከለከል ይችላል። የቀደሙ ዓመታት የምርመራ ወረቀቶችን ይዞ መጓዝ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ለአሥር ዓመት 1,300 የነበረ ቁጥር ዛሬም 1,300 ቢሆን አዲስ ነገር አልተፈጠረም፤ ከ4,000 ወርዶ 1,300 ከሆነ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ለሥራና ለትምህርት የሚሄዱ

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች ከመነሳታቸው በፊት የደረት ራጅ ይነሳሉ፤ ሲደርሱም ሊደገምባቸው ይችላል። «ጨረሩ ይጎዳኛል» የሚለው ስጋት ብዙ ጊዜ ይሰማል። የአንድ የደረት ራጅ ጨረር በአብዛኛው ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም፤ ከተፈጥሮ፣ ማለትም ከአፈርና ከሕዋ በየዓመቱ የምንቀበለው በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበር መንገደኛ በበረራው ብቻ ከአንድ የደረት ራጅ ጋር የሚቀራረብ መጠን ይቀበላል። ይህ ማለት ግን ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ዝም ትበል ማለት አይደለም፤ አስቀድማ መናገር አለባት።

ለተማሪዎች ደግሞ ጣጣ የሚሆነው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከአገራችን የሚመጣ ተማሪ እንዲመረመር ይጠይቃሉ። ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር በሚሰጠው መርፌ ከሆነ፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያበጠው ጓል በሚሊሜትር ይለካል። በሕፃንነቱ የቢሲጂ ክትባት የተከተበ ሰው በበሽታው ተሕዋስ ሳይያዝም ሊያብጥበት ይችላል፤ የክትባቱ ተሕዋስ ከነቀርሳው ተሕዋስ ጋር የሚጋራቸው ፕሮቲኖች አሉና። በደም የሚደረገው የኢንተርፌሮን ጋማ ምርመራ ግን በቢሲጂ ክትባት ውስጥ የማይገኙ ፕሮቲኖችን ስለሚጠቀም በክትባቱ አይታለልም። የተማሪዎች ክሊኒክ ሲቀርቡ «የቢሲጂ ክትባት ወስጃለሁ፤ በደም ይመርመርልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከመርፌው በፊት እንጂ ክንዱ ካበጠ በኋላ አይደለም።