እንዴት ይሠራል? ቅርጹን የማይለቅ ኩኪስ

ለመስቀል በዓል ኩኪስ ሊጋግሩ ተነሡ እንበል። ሊጡን ዳመጡ፣ መስቀል መስቀል አድርገው ቆረጡ፣ ኦቭን ውስጥ ከተቱ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲከፍቱት መስቀሉ የለም። አራቱ ክንዶች ወፍረው ተጋጥመዋል፤ ምን ለመሆን እንደታሰበ ልጆቹ እንኳ አይለዩትም። ጣዕሙ አይታማም። ቅርጹስ የት ሄደ?

ኬክ ቤት በኪሎ የሚሸጠውን ኩኪስ ያስተውሉ፤ ጠርዙ እንደተቆረጠ ነው። የኬክ ቤቱ ባለሙያ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ኦቭን ውስጥ ሽቅድምድም ይካሄዳል፤ ቅቤው ለመቅለጥ ይሮጣል፣ ሊጡ ለመርጋት። ቅቤው አርቆ ከቀደመ ቅርጹ ይፈሳል። ሊጡ ቶሎ ከደረሰበት ግን መስቀሉ መስቀል እንደሆነ ይወጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለሊጡ የሚደረግ አድልዎ ነው።

መጀመሪያ ቅቤውን ይወቁት። ከፍሪጅ የወጣ የገበታ ቅቤ ትንሽ ቆርሰው መዳፍዎ ላይ ያስቀምጡና ይጠብቁ። ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ይቀልጣል። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሆነ የሰው እጅ ይበቃዋል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ለማበጥ፣ እንቁላሉም ለመርጋት ግን ከ60 ዲግሪ በላይ ይፈልጋሉ። ስኳር በበዛበት ሊጥ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ፤ ስኳሩ ያለችውን ውሃ ይሻማቸዋልና።

ስለዚህ ቅቤው ምንጊዜም ቀድሞ ይነሣል። እኛ የምንችለው መነሻውን ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ ፍሪጅ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ከአንድ ሊጥ በሻይ ብርጭቆ አፍ ሁለት ክብ ይቁረጡ። አንዱን ወዲያው ይጋግሩት፣ ሌላውን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆይተው ይጋግሩት። ሁለቱም ሲበርዱ ያንኑ ብርጭቆ ይድፉባቸው። ያልቀዘቀዘው ከብርጭቆው አፍ አልፎ ይተርፋል፤ የቀዘቀዘው ግን ልኩን ብዙም አይለቅም። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሥራ ካቆመ ሊጡን ሸፍነው ማታ ለጥቂት ጊዜ በረንዳ ላይ ያቆዩት፤ የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ከ10 ዲግሪ ብዙም አይርቅም።

ቅዝቃዜው ሌላም ጥቅም አለው። የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው ፕሮቲን እርስ በርስ ይያያዝና ተለጣጭ ይሆናል። ሲዳምጡት እሺ ብሎ የተዘረጋው ሊጥ መዳመጫው ሲነሣለት የሚሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ለድፎ ዳቦ ይህን ስለምንፈልግ ክንድ እስኪዝል እናሻለን። ለኩኪስ ግን አይሆንም። ዱቄቱ ከቅቤው ጋር እንደተያያዘ እጅዎን ያንሡ፤ ከዚያ ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ይረፍና ይላላ። (ድፎ ዳቦ በማሸት ስም ያወጡ እናት ቤትዎ ካሉ ሊጡን ያርቁባቸው፤ ልማድ ሆኖባቸው ማሸቱን አይተዉም።)

አየሩም ድርሻ አለው፤ እሱን ለማየት ወደ አደባባይ እንውጣ።

ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጡትን ያውቋቸዋል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ እንግዳ ገና ከመነሻው ሲያለከልክ ማየት ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንግዳውን ትንፋሽ ያሳጠረው ይህ ስስ አየር ኩኪስዎንም አይምርም።

ከቆላ ታሽጎ የመጣ የችፕስ ፓኬት ካገኙ ይዩት፤ ሊፈነዳ እስኪደርስ ተነፍቷል። ማንም አየር አልጨመረበትም፤ ውስጡ ያለውን አየር ከውጭ የሚጫነው ስለቀነሰ ነው የሰፋው። በሊጥዎ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥራቸው የጋዝ አረፋዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በባሕር ጠረፍ ከሚሰፉት ሲሶ ያህል ጨምረው ይሰፋሉ። ኩኪሱ ያብጣል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ረግቦ ይሰነጠቃል።

ውሃውም አለ። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ድሬዳዋ ያለች እህትዎ ንፍሮዋን ቀድማ የምታወጣው ውሃዋ ከእርስዎ ይልቅ ሞቆ ስለሚፈላ ነው። ለኩኪስ ሲሆን ነገሩ ይህን ያደርጋል፤ ከሊጡ ውሃው ቶሎ ይተንናል፣ በቀረችው ጥቂት ውሃ ውስጥ ስኳሩ እየበዛ ይሄዳል፣ ሽሮፕ ይሆንና ሊጡን ይዞ ይዘረጋል።

እንግዲህ ከአንድ የውጭ መጽሐፍ ወይም ከስልክዎ ያገኙት አዘገጃጀት ምናልባት ለባሕር ጠረፍ ኩሽና የተጻፈ ነው። እዚህ እንደወረደ አይሠራም። ቤኪንግ ፓውደር ካለው ይተዉት፤ ተቆርጦ ለሚጌጥ ኩኪስ ባይገባበት ይሻላል። ስኳሩን በእያንዳንዱ ኩባያ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይቀንሱ። 175 ዲግሪ የሚል ከሆነ 185 ያድርጉት፤ ሊጡ ቶሎ ይረጋል። ደቂቃውን ግን ያሳጥሩ።

ልኩ ይኸውና፦ ፍርኖ ዱቄት 400 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 225 ግራም፣ ስኳር 170 ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኔላ፣ ቁንጥር ጨው። ቅቤውን ለስለስ እስኪል ብቻ ከስኳሩ ጋር ይምቱ፤ ነጭ አረፋ እስኪሆን ከመቱት አየር አስገቡበት ማለት ነው። እንቁላሉንና ቫኔላውን፣ በመጨረሻም ዱቄቱንና ጨውን ይጨምሩ። ሊጡን አቀዝቅዘው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወፍራም አድርገው ይዳምጡ። ከቆረጡ በኋላ እንደገና ያቀዝቅዙ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጠርዙ ወርቃማ መሆን ሲጀምር ያውጡት። መሐሉ ያልበሰለ ቢመስልዎ አይጠራጠሩ፣ ትሪው ላይ ይጠነክራል።

ስለ ስኳሩ አንድ ነገር። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ስኳራችንን የምንመዝነው በሻይ ነው፤ ፍሬው ጎላ ቢል ማንም አይከፋም። ኩኪስ ውስጥ ግን ውሃው ትንሽ ስለሆነ ትልቁ ፍሬ ሟሙቶ አያልቅም፤ የኩኪሱን ፊት ሸካራ ያደርገዋል። በመፍጫ ፈጨት፣ በወንፊት ነፋ ቢያደርጉት ፊቱ ይለሰልሳል። ንጥር ቅቤ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ኮረሪማና ኮሰረት የሚሸት ኩኪስ የሚወድ ዘመድ ከሌለዎት በቀር።

ከቅርጾች ሁሉ መስቀል ያስቸግራል። የክንዱ ጫፍ ሙቀት በብዙ ጎን ስለሚያገኘው መሐሉ ሳይበስል እሱ ይጠቁራል። የላሊበላን መስቀል በቀዳዳዎቹና በሐረጉ ልቁረጥ ብለው አይድከሙ። ከጫማ ካርቶን ክንዱ ደልደል ያለ ቀላል መስቀል ያውጡ፣ ሊጡ ላይ አስቀምጠው በስለታም ቢላዋ ይከተሉት፤ ሐረጉን በኋላ በክሬም ይሥሉታል። አደይ አበባም ስትቆረጥ ወፈር ትበል።

ኦቭን የለኝም ብለው ይህን ሊያልፉት ነበር? የኤሌክትሪክ ምጣድ አለዎት። ሙቀቱ የሚመጣው ከታች ብቻ ስለሆነ ኩኪሱን በቀጥታ ምጣዱ ላይ አያድርጉት፤ ታቹ ያርራል። ትሪውን በትንንሽ የብረት ክዳኖች ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ ምጣዱን ይክደኑ፣ እሳቱን አንዴ ካጋሉት በኋላ ይቀንሱ። ላዩ ወርቃማ አይሆንም፤ በክሬም ስለሚሸፈን ምን ገደደዎት!

ወደ ማስጌጡ እንሂድ። ጠንክሮ የሚደርቀው ነጭ ክሬም የእንቁላል ነጭና የዱቄት ስኳር ብቻ ነው። የእንቁላል ነጭ 90 በመቶው ውሃ፣ የቀረው በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ሲመቱት ፕሮቲኑ ከጥቅሉ ይፈታና አረፋውን ይይዛል፤ ስኳሩ በውሃው ይሟሟል። ኩኪሱ ላይ ሲቀባ ውሃው ይተናል፣ ስኳሩ መልሶ ጠጣር ይሆናል፣ ፕሮቲኑ ያያይዘዋል። ለአንድ እንቁላል ነጭ 150 ግራም ያህል የተነፋ የዱቄት ስኳርና ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይበቃል። እንቁላሉ ጥሬ ነውና ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡር አይስጡ፤ ለእነሱ የዱቄት ስኳሩን በሎሚ ጭማቂ ብቻ ይለውሱላቸው።

ሁለት ውፍረት ያስፈልግዎታል። ወፍራሙ ለጠርዝ፣ ቀጭኑ ለመሐል። ቀጭኑን ለመለካት በቢላዋ ጫፍ ላዩ ላይ መስመር ይሳቡና ይቁጠሩ። እስከ አሥር ሲቆጥሩ መስመሩ ከጠፋ ልክ ነው። ሦስት ሳይሞላ ከጠፋ ይፈስብዎታል፣ ስኳር ይጨምሩ። ንጹሕ ስስ ላስቲክ ውስጥ ጨምረው ማዕዘኑን በጣም ትንሽ ይቁረጡት፤ ባለሙያው የሚጠቀምበት ዕቃ ሥራው ከዚህ አይለይም። ዙሪያውን በወፍራሙ ያጥሩ፣ ትንሽ ይድረቅ፣ ከዚያ መሐሉን በቀጭኑ ይሙሉ።

ቀለም ከሱቅ መግዛት የግድ አይደለም። ለአደይ አበባ ቢጫ ቁንጥር እርድ ይበቃል። እርዱ እጅዎን ካቀለመው በልብስ ሳሙና ይታጠቡ፤ ቢጫው ድንገት ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ ያያሉ። ደም አይደለም። የእርድ ቀለም አሲድና አልካሊ ይለያል፤ ሎሚ ሲነካው ቢጫነቱን ይጠብቃል፣ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። በክሬሙ ውስጥ ሎሚ ስላለ ኩኪስዎ ላይ ይህ አይደርስም። ለሐምራዊ ቀይ የቀይ ሥር ውሃ አለልዎት፤ ግን በእሳት አፍልተው ያወፍሩት፣ አለዚያ ክሬሙን ያቀጥነዋል።

መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውልስ? እንቁላልም ቅቤም የለም። ቅቤውን በሚረጋ ዘይት ወይም ወተት በሌለበት ማርጋሪን ይተኩ። ፈሳሽ ዘይት አይሞክሩ፤ ፍሪጅ ቢያድርም ስለማይጠነክር ሽቅድምድሙ ሳይጀመር ያልቃል። ለእንቁላሉ ነጭ ደግሞ ሽምብራ የቀቀሉበትን ውሃ አይድፉ። ከፍሬው የወጣ ፕሮቲንና ስታርች አለበት። እንደ እንቁላል ነጭ እስኪወፍር አፍልተው ያቀዝቅዙትና ሁለት የሾርባ ማንኪያውን ይምቱ፤ ነጭ አረፋ ይሆናል። ፈረንሳዊው ጆኤል ሮሰል ይህን ለዓለም ያሳየው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ በጾም ብዛት ቀድመን ልናገኘው ይገባን ነበር፤ ሽሮውን እያሰብን ውሃውን ደፋነው።

ሲመቱት አረፋ እምቢ ካለ ጎድጓዳው ሳህን ቅባት ነክቶት ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ በሌላ ሳህን አንድ ጠብታ ዘይት ጨምረው ይምቱት፤ ክንድዎ ይደክማል እንጂ አረፋው እንደ ልብ አይቆምም።

የመጨረሻው ጉዳይ ጊዜ ነው። በክረምት ጨው ዕቃው ውስጥ እንደሚረጥብ ያውቃሉ፤ ስኳርም ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ገና የሚውልበት የታኅሣሥ አየር ደረቅ ስለሆነ ክሬሙ በቶሎ ይደርቃል፤ እንዲያውም ሳህኑ ውስጥ እንዳይጋገር በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን አለብዎት። በመስከረም ግን ዝናቡ ገና ጓዙን አልጠቀለለም። የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን ከደረቡ ይደባለቃሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ትሪ ላይ ያሳድሩት። ያጌጠውን ኩኪስ ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡ፤ ሲያወጡት ላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥርና ቀለሙ ይዥጎረጎራል።

ስለዚህ ሊጡን መስከረም 14 ማታ ያቡኩ፣ 15 ቀን ይጋግሩ፣ ማታውን ያስጊጡ። ካዛንቺስ ወይም ቂርቆስ አካባቢ ከሆኑ ዱቄቱንም ስኳሩንም አስቀድመው ይግዙ፤ መስከረም 16 ለደመራው ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱት መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ።