በዓሣ እርባታ የሚከሰት የመድኃኒትና የፀረ-ጀርም ኬሚካል መላመድ፡ ምንነቱና የአርቢው ድርሻ

ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕን በኩሬ የሚያረቡ ዜጎች ዓሣ ሲታመምባቸው መድኃኒት በራሳቸው ገዝተው ውኃው ውስጥ የሚጨምሩበት ሁኔታ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድርጊቱ የሚያስከትለውን ጉዳት ማስገንዘብና ተገቢውን የአገልግሎት መንገድ ማመልከት ነው።

መላመድ እንዴት ይፈጠራል?

ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ በውኃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ዓሣው በመጨናነቅ ወይም በኦክስጅን እጥረት ሲዳከም የቆዳ ቁስል፣ የደም መፍሰስና የሆድ ማበጥ ያስከትላል። ባክቴሪያው መድኃኒትን የመቋቋም ባሕርይ የሚያገኘው በዘረ መሉ ላይ በሚከሰት ለውጥ ወይም ከሌላ ባክቴሪያ በሚቀበለው ዘረ መል ነው። ፕላዝሚድ የተባሉ ትናንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ይህን ዘረ መል ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ከዓሣ በሽታ አምጪዎችም ሰውን ወደሚያጠቁ ባክቴሪያዎች ሊያስተላልፉ ይችላሉ።

ፀረ-ጀርም ኬሚካል ለምን ይነሳል?

መረብና ገንዳ ከሚጸዳባቸው ኬሚካሎች መካከል የኳተርነሪ አሞኒየም ውህዶች ይገኛሉ። «ኳክ» የሚባሉት ዘረ መሎች ኬሚካሉን ከባክቴሪያው ሕዋስ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ያሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ በከፊል የተቆረጠው ዓይነት፣ ሰልፎናማይድ መድኃኒቶችን ከሚያከሽፈው «ሱል 1» ጋር በአንድ የዲኤንኤ ክፍል ላይ ጎን ለጎን ተያይዞ በብዛት ይገኛል። ሁለቱ አብረው ስለሚተላለፉ አንደኛውን የሚያበረታታ አጠቃቀም ሌላውንም ሊያስፋፋ ይችላል። ስለሆነም ከታዘዘው በታች ቀጥኖ የተረጨ ኬሚካል ጀርሙን ሳይገድል ተቋቋሚዎቹን ብቻ አስቀርቶ ሊያበዛ ይችላል።

መፍትሔው ምንድን ነው?

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1987 ለእርባታ ዓሣ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ተጠቅማለች። ክትባትንና የእርባታ ንጽሕናን ካስፋፋች በኋላ የዓሣ ምርቷ እያደገ የመድኃኒት ፍጆታዋ ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 1 ቶን ገደማ ወርዷል። መከላከል ከሕክምና እንደሚበልጥ ይህ ተሞክሮ ያሳያል።

ከአርቢው የሚጠበቅ

• በኩሬ ውስጥ ዓሣን ከመጠን በላይ አለማጨናነቅ፤ የተረፈ መኖና የሞተ ዓሣን በወቅቱ ማስወገድ፤
• ከምርት ስብሰባ በኋላ ኩሬውን አድርቆ በባለሙያ ምክር ኖራ መጨመር፤
• ፀረ-ጀርም ኬሚካልን በመለያው ላይ በተጻፈው መጠንና የቆይታ ጊዜ ብቻ መጠቀም፤
• ለሰው ወይም ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒትን በኩሬ ውስጥ አለመጨመር፤
• በእንስሳት ሐኪም የታዘዘ መድኃኒትን አለማቋረጥ፤ መድኃኒቱ ከዓሣው አካል እስኪወጣ የተወሰነው ጊዜ ሳያልፍም ዓሣውን ለገበያ አለማቅረብ።

በኩሬዎ ያልተለመደ የዓሣ ሞት ወይም ቁስል ሲያስተውሉ፣ መድኃኒት ከመጠቀምዎ በፊት በአቅራቢያዎ ለሚገኘው የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ያሳውቁ። ባለሙያው ናሙና ወስዶ እንዲመረመር ማድረጉ ትክክለኛውን መድኃኒት ለመምረጥ ይረዳል፤ ያልተገባ ወጪንም ያስቀራል። ዛሬ በአግባቡ የተጠበቀ መድኃኒት ነገ ለዓሣውም ለቤተሰብዎም ፈዋሽ ሆኖ ይቆያል።