ስምንት ስልክ በአንድ መስመር፦ ቪዲዮው የሚቆመው የት ላይ ነው?

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም በሚዘልቀው መንገድ ሆቴል ወይም ካፌ ለከፈተ ነጋዴ፣ ዋይፋይ እንደ አልጋና እንደ ማኪያቶ የሚታይ ሸቀጥ ሆኗል። ሸቀጡ የሚፈተነው ቅዳሜ፣ በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ሰዓት ነው። አንድ እንግዳ ብቻውን ሲያይ ምስሉ አይቆራረጥም፤ ስምንተኛው ሲገባ ግን የሁሉም ስልክ ላይ ክቧ መሽከርከር ትጀምራለች።

ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛትን ነው። ወርኃዊ ወጪው ይጨምራል፤ ክቧ ግን እንዳለች ልትቀር ትችላለች።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ዩቲዩብ ለ720ፒ ጥራት በሰከንድ 2.5 ሜጋ ቢት፣ ለ1080ፒ 5 ሜጋ ቢት ግድም ይፈልጋል። ስለዚህ ስምንት ሰው 20 ወይም 40 ሜጋ ቢት ይወስዳል። የተገዛው 10 ከሆነ ክርክር የለም፣ ጥበቱ የመስመሩ ነው። 50 ተከፍሎበት ከተቆራረጠ ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል።

ፍተሻው ባለሙያ አያስጠራም። ሌላውን ሁሉ አላቅቆ አንድ ኮምፒዩተር በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት ነው። የተከፈለበት ያህል ከመጣ መስመሩ ነፃ ነው። ከዚያ በዋይፋይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ስልክ መጨመርና በስንተኛው እንደሚሰናከል መመዝገብ። ራውተሩ አጠገብ ደህና ሆኖ ጥግ ያለው ክፍል ውስጥ ከተበላሸ ጥፋቱ የሲግናሉ ነው። በዋይፋይ አንድ ቻናል የሚሠራው በተራ ነው፤ ሁለት የድንጋይ ግድግዳ ተሻግሮ በደካማ ሲግናል የሚያይ አንድ እንግዳ ተራውን እያስረዘመ ሌላውን ሁሉ ያስጠብቃል። የወሎ ደጋ ግድግዳ የተሠራው ብርድ እንዲከላከል እንጂ የሬዲዮ ሞገድ እንዲያሳልፍ አይደለም። ለዚህ የሚያዋጣው ኬብል ስቦ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት መትከል ነው፤ ወጪውም በየወሩ አይመላለስም።

ፊልሙን በራሱ ኮምፒዩተር አጠራቅሞ ለክፍሎቹ የሚያሰራጭ ሰው ከኢንተርኔቱ ጋር ጉዳይ የለውም። እርሱ መጠርጠር ያለበት ባለ 100 ሜጋ ቢት አሮጌ ስዊች፣ በየክፍሉ የተለያየ ፊልም ሲጠየቅ ወዲያ ወዲህ የሚዘልል ሃርድ ዲስክ፣ አልያም ቴሌቪዥኑ የማያነበውን ፋይል እየለወጠ የሚያቀርብ ደካማ ፕሮሰሰር ነው።

በሲም ካርድ ራውተር የሚሠራ ደግሞ ልኬቱን ማለዳ ቢያደርግ ይሳሳታል። ታወሩን የሚጋራው ከከተማው ሁሉ ጋር በመሆኑ፣ መለካት ያለበት ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ በኬብልም ከወረደ የእርሱን ዕቃ መቀየር ምንም አይጨምርለትም።