የገጸ ባሕርያት ስሜት ከፊት ብቻ አይነበብም

በኮምፒውተር የተሠራ ገጸ ባሕርይ መደሰቱን ወይም መቆጣቱን ተመልካች የሚረዳው ከፊቱ ብቻ ሳይሆን ከሰውነቱ አቋምም ጭምር ነው።

ጥንታዊው የማርያም ገዳም ለሚገኝባት የምሥራቅ ጎጃሟ ደብረ ወርቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ባህላዊ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በአብዛኛው ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይታያሉ። ማንበብ የማይችል ምእመንም ይሁዳን ከሐዋርያት የሚለየው በዚሁ ነው፤ ሠዓሊው ፊትን በማኮሳተር ብዙ አይደክምም።

እ.ኤ.አ በ2012 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የቴኒስ ተጫዋቾች ፊት ብቻ ሲታይ ነጥብ ያገኘውን ካጣው መለየት አልተቻለም፤ ሰውነታቸው ሲታይ ግን ተችሏል።

በካርቱን የጤና ትምህርት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ትከሻው ለወደቀ ነርስ ፈገግታ ቢጨምርለትም፣ ሕዝቡ ሊያነብ የሚችለው ድካሙን ነው።