ሐዲዱ የቆመበት
የአንድ አገር የመገናኛ መሥመር ማንን እንደሚያገለግል ለመረዳት ማብቂያውን መመልከት ያሻል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ከፋን አልፎ እስከ ነጭ ዓባይ መዝለቅ ነበረበት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ስንዝር አልተራመደም። (ሐረርም ብትሆን ተራራዋ ሰበብ ሆኖባት ባቡሩን ለድሬዳዋ አስረክባለች።)

የከፋና የጅማ ቡና ከሐዲዱ ጫፍ ለመድረስ በሲራራ ነጋዴ አጋሰስ ጀርባ ሳምንታት መጓዝ ነበረበት። የጉዞው ወጪ በቅድሚያ የሚቀነሰው ለሰፊው አምራች ገበሬ ከሚከፈለው ዋጋ ላይ ነበር፤ የመጋዘኑ፣ የደላላውና የላኪው ጥቅም ግን ባቡሩ በቆመበት ከተማ ተከማቸ። እኛ የርእሰ ከተማይቱን መልማት የምንነቅፍ አይደለንም፤ የምንጠይቀው ሀብቱ የሚበቅልበት ምድር ስለምን ከመንገዱ ማዶ እንደ ቀረ ነው።

ጥያቄው ያለፈ ዘመን ጥያቄ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዲስ አበባ አፋፍ፣ ሰበታ ላይ ያበቃል። ከሰበታ ወደ ጅማና በደሌ እንዲቀጥል የታቀደው አልተሠራም። የከፋ ስም በዚያ ፈቃድ ላይ ከሰፈረ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል።