ጡብ ላይ የሚወጣው ነጭ ጨው

በጅጅጋ ግንብ የሚበዛው በድንጋይና በብሎኬት ነው። በረንዳውን ወይም ግቢውን በሸክላ ጡብ ያስነጠፈ ሰው ግን ውሎ አድሮ ቀዩ ወለል ላይ ነጭ ነገር ሲወጣበት ያያል። ቆሻሻ ይመስለውና ኦሞ ነስንሶ፣ ውሃ ደፍቶ ያጥበዋል። ወለሉ እርጥብ ሳለ ቀይ ይሆናል፤ ሲደርቅ ነጩ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ብሶበት። ምክንያቱም ነጩ ነገር ከውስጥ የወጣ ጨው ነው። ውሃው የሚመጣበት መንገድ እስካልተዘጋ ድረስ እጥበት ጨውን ይመግበዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት አካባቢ ደግሞ ኪሳራው እጥፍ ነው።

ጡብ የተተኮሰ ሸክላ ስለሆነ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ውሃ ከሥሩ ካለው አፈር፣ ከአሸዋውና ከሲሚንቶው ጨው እያሟሟ በእነዚህ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ሲወስዱት ጨዉ ላዩ ላይ ይቀራል። “አገሩ ደረቅ ነው፣ እርጥበት ከየት ይመጣል?” የሚል አይጠፋም። ከሐምሌ እስከ መስከረም በሚጥለው የከረን ዝናብ አፈሩ ይጠጣል፤ ከዚያ ውጭም ከሮቶ ሥር የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የልብስ አጠባ ውሃና አሸንዳ የሌለው ጣሪያ አሉ። ድርቀቱም ራሱ ችግሩን ያባብሰዋል፦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ጅላል የሚባለው ደረቅ ወቅት ነፋስ ወለሉን ባደረቀ ቁጥር ከሥር ያለው ውሃ ጨዉን ይዞ ይከተላል። በዚያ ላይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስጋግር ውሃ ወለል ላይ ሲደፋ ያንኑ ኖራ እዚያም ይተዋል።

ነጭ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ጣትን አርጥቦ ማሸት ነው፤ ከሟሟ ተራ ጨው ነው፣ ደረቅ ቡሩሽ ይበቃዋል። ካልሟሟ ሎሚ ጠብ ይደረግበት፤ አረፋ ካወጣ ከሲሚንቶው ወይም ከውሃው የመጣ ኖራ ነው። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ደግሞ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው። ጠዋት ላስቲኩ ከሥሩ ካላበው ውሃው ከመሬት እየወጣ ነው። ሮቶ ጥላ ሥር የሚታየው አረንጓዴ ግን ጨው ሳይሆን አልጌ ነው፤ በበረኪናና በቡሩሽ ይለቃል።

“አሲድ በደቂቃ ያነጻዋል” የሚለው ክርክር ከባዶ አልተነሣም፤ ኖራን በእርግጥ ያሟሟል። ነገር ግን ኖራው ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ሌላ የሚሟሟ ጨው ይሆናል፤ በደንብ ካልታጠበ ይህ ጨው ጡቡ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። አሲዱ በጡቦቹ መሐል ያለውን ሲሚንቶም ይበላል፣ ጡቡ ውስጥ ያለውን ብረትም ቀስቅሶ ቢጫ እድፍ ሊያስወጣ ይችላል። ግድ ከሆነ ወለሉ አስቀድሞ ውሃ ይጠጣ፤ አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመር፣ ውሃ ወደ አሲድ ፈጽሞ አይጨመር። አሲድ ከበረኪና ጋር ከተገናኘ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ ሁለቱ በአንድ ቀን አንድ ወለል ላይ ባይውሉ ይሻላል። የላቫጆ ፓምፕም የመገጣጠሚያውን ሲሚንቶ ቆፍሮ ለሚቀጥለው ውሃ በር ይከፍታል።

ቫርኒሽ መቀባት ከሁሉም የከፋ ነው። መውጫ ያጣው ጨው ከሽፋኑ ሥር ይጠጥራል፤ ሶዲየም ሰልፌት የሚባለው ጨው ውሃ ሲስብ መጠኑ ወደ አራት እጥፍ ስለሚያድግ የጡቡን ፊት ልጦ ይጥለዋል። ፊቱ የተላጠ ጡብ አይታከምም፤ ተነቅሎ ይገለበጣል ወይም ይቀየራል።

ስለዚህ ጅላል ሲገባ ጨዉን በደረቁ ቦርሹ፣ አፍሳችሁም ከግቢ አውጡ፤ እዚያው ከቀረ ቀጣዩ ዝናብ መልሶ ያሰርገዋል። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሠሩ፣ የወለሉን ተዳፋት ከቤቱ ወደ ውጭ አዙሩ። አዲስ የምታስነጥፉ ከሆነ ከአሸዋው ሥር ጠጠር እንዲገባ ሠራተኛውን አስቀድማችሁ ጠይቁት።