ሕፃን ሲያለቅስ ትንፋሹ ቢቋረጥ

አንዳንድ ሕፃን የያዘውን ነገር ተነጥቆ በቍጣ ሲያለቅስ፥ ትንፋሹን ካወጣ በኋላ መልሶ ሳይስብ ይቀራል። ከንፈሩ ይጠቍራል፤ ሰውነቱ ይዝላል፤ ራሱንም ይስታል። ሌላው ደግሞ በድንገት ሲደነግጥ ወይም ሲወድቅ ፊቱ ነጥቶ ይዝለፈለፋል። ወላጆችም ልጃቸው የሞተ ይመስላቸዋል።

ይህ ሁኔታ በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ይታያል። ብዙውን ጊዜ 1 ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሹ በራሱ ይመለሳል፤ አእምሮንም አይጐዳም። ልጁ ሆን ብሎ የሚያደርገው አይደለም፤ የቡዳም ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ልጁን በጐኑ አስተኝቶ፥ ራሱን እንዳይመታ መጠበቅና የቈየበትን ጊዜ በሰዓት መለካት ይገባል። መነቅነቅ፥ የክብሪት ጭስ ማሽተት፥ ጣት ወይም ማንኪያ በአፉ ማስገባት ሊጐዳው ይችላል እንጂ አይጠቅመውም። ከነቃ በኋላ መቅጣት አይገባም፤ እንዳያለቅስ ተብሎም የተከለከለው ሁሉ አይሰጠው።

ሁኔታው መጀመሪያ በታየ ጊዜ ልጁን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። በብረት ማነስ የሚመጣ የደም ማነስ ሕመሙን ስለሚያባብሰው፥ ደሙ ይመርመር፤ ጕድለት ከተገኘም ሐኪሙ የሚያዝዘው የብረት መድኃኒት ድግግሞሹን ይቀንሰዋል።

ነገር ግን ልጁ 6 ወር ያልሞላው እንደ ሆነ፥ ያለ ልቅሶና ያለ ድንጋጤ ወይም በእንቅልፉ ሳለ ራሱን ከሳተ፥ መንቀጥቀጡ ከረዘመ፥ ወይም ትንፋሹ በ1 ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ፥ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ሁኔታውን የሚያውቅ ወላጅ በድንጋጤ ፈንታ በማስተዋል ልጁን ይረዳል።